140 አልማዝ ወይስ 60? የአልማዝ ፍለጋ ናሙና ውጤት ለአክሲዮን ገዢ

ባለፈው ወር የአክስቴ ልጅ ከካልጋሪ ደወለ። ገና ሰላምታ ሳንጨርስ «ጋሼ፣ 140 አልማዝ አገኙ!» አለኝ። በስልኩ አክሲዮን የሚገዛ ልጅ ነው፣ ማታ ማታ የትንንሽ ማዕድን ፈላጊ ኩባንያዎችን መግለጫ ያነባል። «ከስንት ኪሎ ድንጋይ ነው ያገኙት?» አልኩት። ዝም አለ። «ትልቁስ ምን ያህላል?» አሁንም ዝም። «እሱን አላየሁም ጋሼ፣ ግን 140 እኮ ነው።»

እኔም እንደሱ ነበርኩ። ከዓመታት በፊት የአንድ ትንሽ ኩባንያ መግለጫ አነበብኩ፣ የአልማዙን ቁጥር ብቻ አየሁ፣ ለቤት ቅድመ ክፍያ ካስቀመጥኩት ገንዘብ ላይ አንስቼ ገዛሁ። ከዓመት ተኩል በኋላ የትልቁ ናሙና ውጤት ወጣ። በ100 ቶን 4 ካራት ብቻ። አክሲዮኑ በአንድ ጠዋት ከግማሽ በላይ ወረደ። የሚያናድደው ነገር፣ የመጀመሪያው መግለጫ ውሸት አልነበረበትም። ሁሉም ነገር እዚያው ሰንጠረዡ ላይ ነበር። እኔ ነኝ ያላነበብኩት።

ችግሩ የሚጀምረው «ናሙና» ከሚለው ቃል ነው። ከወንዝ ዳር የተዘገነ አንድ ባልዲ አፈርም ናሙና ይባላል፣ 5,000 ቶን ድንጋይም ናሙና ይባላል። ሁለቱ የሚመልሱት ጥያቄ ግን ሰማይና ምድር ነው። አምስት ዓይነት ውጤት አለ። አንድ በአንድ እንያቸው፣ የትኛው ላይ ተመሥርቶ ምን ያህል ገንዘብ ማስገባት እንደሚቻልም እናወዳድር። ምሳሌዎቹ አብዛኞቹ ከካናዳ ናቸው፣ ምክንያቱም እኔ የማውቃቸው ሀበሾች በብዛት የሚገዙት እዚያ ገበያ ላይ ያሉትን ኩባንያዎች ነው። ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።

መጀመሪያ መመዘኛው

የትኛውም ውጤት ሲመጣ እነዚህን ጠይቁ።

የድንጋዩ ክብደት ስንት ነው? ክብደቱ ያልተጻፈበት የአልማዝ ቁጥር ምንም አይነግራችሁም።

የታችኛው ወንፊት ስንት ነው? ይህን ብዙ ሰው ይዘለዋል። አልማዝ የሚቆጠረው በወንፊት እየተለየ ነው። ወንፊቱ በጠበበ ቁጥር የሚቆጠረው ፍሬ ይበዛል። ከ0.106 ሚሊ ሜትር ወደ 0.075 ዝቅ ቢደረግ፣ ያው ድንጋይ ብዙ ተጨማሪ «አልማዝ» ይሰጣል፣ የዋጋው ለውጥ ግን ዜሮ ነው።

መጠናቸው እንዴት ተከፋፍሏል? ወደ ትልቁ ወንፊት ስትወጡ ቁጥሩ ቀስ እያለ ነው የሚቀንሰው ወይስ ድንገት ይቆማል?

የአንድ ቶን ድንጋይ ዋጋ ስንት ነው? በቶን ያለው ካራት በአንድ ካራት ዋጋ ሲባዛ ማለት ነው። አንዱ ብቻ ተነግሯችሁ ሌላው ከቀረ፣ ግማሹን ብቻ ነው የሰማችሁት።

ናሙናው ከየት ተወሰደ? አንድ ኪምበርላይት፣ ማለትም አልማዝ የሚፈለግበት የእሳተ ገሞራ ድንጋይ፣ ውስጥ የተለያየ ድንጋይ አለ። አንዱ ጥግ ሀብታም፣ ሌላው ድሃ ይሆናል።

ማን መረመረው? በካናዳ ከ2001 ጀምሮ ኤንአይ 43-101 የሚባል ደንብ አለ። በ1997 የብሬ-ኤክስ የወርቅ ማጭበርበር ከተጋለጠ በኋላ የመጣ ነው። በዚህ ደንብ መሠረት መግለጫው ላይ ያለውን ቴክኒካዊ መረጃ ብቁ የሆነ ባለሙያ መርምሮ በስሙ ማጽደቅ አለበት። ሰውዬው የኩባንያው ተቀጣሪ ነው ወይስ ገለልተኛ፣ ያ ራሱ ይጻፋል።

አንደኛ፦ ጠቋሚ ማዕድናት

አልማዝ በአብዛኛው የሚመጣው ኪምበርላይት ከሚባል ከጥልቅ ምድር ከወጣ የእሳተ ገሞራ ድንጋይ ነው። ኪምበርላይት ሲሸረሸር ጋርኔት፣ ኢልሜናይት፣ ክሮማይት የሚባሉ ማዕድናት አፈር ውስጥ ይበተናሉ። ካናዳ ውስጥ የጥንት የበረዶ ግግር እየገፋ ወስዷቸዋል። ቻርልስ ፊፕኬና ስቱዋርት ብለሰን ይህንን ዱካ ለዓመታት ተከትለው ነው በሰሜን ምዕራብ ግዛቶች ላክ ደ ግራ አካባቢ የደረሱት።

መግለጫው ላይ «ጂ-10 ጋርኔት ተገኘ» የሚል ካያችሁ ደህና ምልክት ነው። አልማዝ ሊኖርበት ከሚችል ጥልቀት የመጣ ጋርኔት ነው ማለት ነው። ግን ገና ኪምበርላይቱ ራሱ አልተገኘም። ተገኝቶም ቢሆን፣ በዓለም ላይ ከሚታወቁት በሺዎች የሚቆጠሩ ኪምበርላይቶች ማዕድን ማውጫ ለመሆን የበቁት ከመቶ ጥቂቱ ናቸው። እዚህ ደረጃ ላይ የምትገዙት ተስፋ ነው። ቢጠፋ እንቅልፍ የማይነሳችሁን ብር ብቻ አስገቡ።

ሁለተኛ፦ ቁፋሮው ኪምበርላይት አገኘ

እዚህ ላይ ብዙ አንቆይም። «70 ሜትር ኪምበርላይት ቆረጥን» ማለት ድንጋዩ አለ ማለት እንጂ አልማዝ አለበት ማለት አይደለም። የሚጠቅመው ስፋቱን ለመገመት ነው፣ ስንት ሄክታር ነው፣ ስንት ሚሊዮን ቶን ይሆናል። አንድ ጥንቃቄ አለ። ቀጥ ብሎ በቆመ የኪምበርላይት ቧንቧ ውስጥ ወደ ታች የተቆፈረ ረጅም ቀዳዳ ስለ ስፋቱ ምንም አይነግርም። ቧንቧውን በሰያፍ የሚያቋርጥ ቀዳዳ ነው ስፋቱን የሚያሳየው።

ሦስተኛ፦ ማይክሮ አልማዝ

ብዙ ሰው ገንዘቡን የሚያጣው እዚህ ነው፣ ስለዚህ ረጋ ብለን እንየው።

ከቁፋሮ የወጣው ድንጋይ፣ ብዙ ጊዜ ስምንት ስምንት ኪሎ እየሆነ፣ ከኮስቲክ ሶዳ ጋር ምድጃ ውስጥ ይገባል። ሙቀቱ 550 ዲግሪ ገደማ ነው። ድንጋዩ ይሟሟል፣ አልማዙ አይነካም። የቀረው በወንፊት ተለይቶ በማይክሮስኮፕ እየታየ ፍሬ በፍሬ ይለቀማል። በካናዳ ይህን ከሚሠሩት የታወቀው ሳስካቱን ያለው የሳስካችዋን የምርምር ተቋም ላብራቶሪ ነው።

መጠኑን ለመረዳት የጤፍ ፍሬ አስቡ። አንዲት ጤፍ ርዝመቷ 1 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው። 0.106 ወንፊት ላይ የሚቀር አልማዝ የጽሕፈት ወረቀት ውፍረት ቢያህል ነው። መዳፋችሁ ላይ ቢቀመጥ አታዩትም። ጌጥ ሻጭ ሊገዛው የሚጀምረው ቢያንስ ጤፍ ሲያህል ነው። የ1 ካራት ጥሬ አልማዝ ደግሞ ከአተር ፍሬ ትንሽ ያንሳል፣ ክብደቱም 0.2 ግራም ነው።

ታዲያ የማይታይ አልማዝ ምን ያደርጋል? የትልልቆቹን መኖር ለመገመት ይረዳል። ትንንሾቹ ወደ ትልልቅ ወንፊት እየቀነሱ ሲሄዱ የሚሠሩት መስመር አለ። መስመሩ ለስለስ ብሎ ከወረደ ትልልቆቹም አሉ ብሎ መጠርጠር ይቻላል። የሚከተሉት ሁለቱ ለማሳያ እኔ የሠራኋቸው ናቸው፣ የማንም ኩባንያ አይደሉም። የሁለቱም ድንጋይ 200 ኪሎ ነው።

| ወንፊት (ሚሊ ሜትር) | ኩባንያ ሀ | ኩባንያ ለ |
|---|---|---|
| 0.106 | 70 | 21 |
| 0.150 | 38 | 14 |
| 0.212 | 19 | 10 |
| 0.300 | 9 | 7 |
| 0.425 | 3 | 4 |
| 0.600 | 1 | 2 |
| 0.850 | 0 | 1 |
| 1.18 | 0 | 1 |
| ድምር | 140 | 60 |

የመግለጫው ርዕስ ላይ «140 አልማዝ» ከ«60 አልማዝ» ይበልጣል። እኔ ግን ያለ ማመንታት ለን እመርጣለሁ። የሀ አልማዞች ግማሾቹ በጣም ጠባቡ 0.106 ወንፊት ላይ ናቸው፣ በየደረጃው በግማሽ እየወረዱ 0.6 ላይ ያልቃሉ። የለ ግን ጅማሬው ትንሽ ሆኖ እስከ 1.18 ድረስ ይሄዳል። ለ ጥሩ ነው እያልኩ አይደለም፣ 200 ኪሎ ትንሽ ነው፣ አንዷ ትልቅ ፍሬ በዕድል ልትገባም ትችላለች። ቀጣዩን ናሙና መውሰድ የሚገባው ግን እሱ ነው።

እውነተኛ ታሪክ ከፈለጋችሁ ፖይንት ሌክን ውሰዱ። በ1991 መጨረሻ ላይ ፊፕኬና ቢኤችፒ የሚባለው ትልቅ የማዕድን ኩባንያ ከ59 ኪሎ ድንጋይ 81 ትንንሽ አልማዝ መገኘቱን አሳወቁ፣ ሁሉም ከ2 ሚሊ ሜትር በታች። ሰሜን ካናዳ በሙሉ በፈላጊዎች ተወረረ። በ1998 እዚያው አካባቢ ኤካቲ ማዕድን ተከፈተ። ግን ልብ በሉ፣ መጀመሪያ የተቆፈረው ፓንዳ የሚባለው ሌላ ኪምበርላይት ነው። የመጀመሪያው ዜና የመጣበት ፖይንት ሌክ ራሱ ለረጅም ዓመታት ሳይነካ ቆየ። ውጤቱ አካባቢው ሀብታም መሆኑን በትክክል ጠቆመ፣ ያ ድንጋይ ራሱ ግን ቶሎ ገንዘብ አልሆነም።

አራተኛ፦ አነስተኛ ጅምላ ናሙና

አሁን ወደ ቶን ገባን። ከጥቂት ቶን እስከ ጥቂት መቶ ቶን ድንጋይ ይፈጫል፣ ከባዱ ከቀላሉ ይለያል፣ አልማዙ በኤክስሬይ ወይም በግራሶ ሰሌዳ ይያዛል። «ግሬድ» የሚለው ቃል፣ ማለትም በ100 ቶን ስንት ካራት፣ ትርጉም የሚኖረው ከዚህ ጀምሮ ነው።

እዚህ ያለው ወጥመድ አንዷ ትልቅ ፍሬ ናት። 10 ቶን ተፈጭቶ በድምሩ 5 ካራት ተገኘ እንበል። ይህ በ100 ቶን 50 ካራት ነው፣ ያምራል። ዝርዝሩን ስታዩ ግን አንዷ ብቻዋን 3 ካራት ናት። እሷን አውጡና አስሉት፣ 20 ካራት ይሆናል። የቱ ነው እውነቱ? በ10 ቶን አይታወቅም። ስለዚህ ሁልጊዜ ትልቋን አውጥታችሁ ደግማችሁ አስሉ። ልዩነቱ ሰፊ ከሆነ ናሙናው ትንሽ ነው።

«እስከ» የሚለውንም ቃል ተጠንቀቁ። «እስከ 120 ካራት» ሲሉ ከብዙ ናሙናዎች መካከል ምርጡን ነው የጠቀሱት። አማካዩን ፈልጉ።

አምስተኛ፦ ትልቅ ጅምላ ናሙናና የዋጋ ግምት

እዚህ ሺዎች ቶን ነው፣ ዓላማውም ለዋጋ ግምት የሚበቃ አልማዝ፣ ቢቻል ጥቂት ሺህ ካራት፣ ማግኘት ነው። በጥቂት መቶ ካራት የተሰጠ ዋጋ ገና የሚወዛወዝ ቁጥር ነው።

ለምን ዋጋ እንደሚያስፈልግ ሁለት ማዕድኖች ያሳዩናል። አውስትራሊያ የነበረው አርጋይል ከአንድ ቶን ብቻ በርካታ ካራት ይሰጥ ነበር። ነገር ግን ሮዝ አልማዞቹ ቢያስጠሩትም ብዙው ትንሽና ቡናማ ስለነበር አማካይ ዋጋው ዝቅተኛ ነበር። በ2020 ተዘጋ። ሌሶቶ ያለው ሌትሴንግ ደግሞ ከ100 ቶን 2 ካራት ገደማ ብቻ ነው የሚሰጠው። በቁጥር ብቻ ብትሄዱ ዞር ብላችሁ አታዩትም። ነገር ግን በ2018 አንድ 910 ካራት ድንጋይ አውጥቶ በ40 ሚሊዮን ዶላር ሸጧል።

ስሌቱ ቀላል ነው። በ100 ቶን 200 ካራት፣ ካራቱ በ40 ዶላር ከሆነ፣ የቶኑ ዋጋ 80 ዶላር ነው። በ100 ቶን 20 ካራት፣ ካራቱ በ500 ዶላር ከሆነ ደግሞ 100 ዶላር። ግሬዱ በአሥር እጥፍ ያነሰው በለጠ። ከዚያ ወጪውን ቀንሱ። ከሰሜን ምዕራብ ግዛቶች ዋና ከተማ ከየሎውናይፍ ወደ ሰሜን ያሉት ማዕድኖች ነዳጅና ከባድ ዕቃ የሚደርሳቸው በክረምት ብቻ፣ በበረዶ ሐይቅ ላይ በሚሠራ መንገድ ነው። በዓመት ሁለት ወር ገደማ ብቻ ይከፈታል። 100 ዶላር ደቡብ አፍሪካ ውስጥና እዚያ አንድ አይደለም።

አሁን ደግሞ ብዙ ሰው የማያየው ነገር። ግሬዱ የተሰላበት ወንፊትና ዋጋው የተሰላበት ወንፊት አንድ መሆን አለበት። በ0.85 ወንፊት ብዙ ትንንሽ ስለሚገባ ግሬዱ ከፍ ይላል፣ አማካይ ዋጋው ግን ይወርዳል። በ1.18 ሲሆን ግልባጩ ነው። ግሬዱን ከ0.85፣ ዋጋውን ከ1.18 ወስዶ ማባዛት የሌለ ገንዘብ ይፈጥራል። ሁለቱን ቁጥር ከተለያየ መግለጫ ላይ ራሳችሁ ስታባዙ ይህ ስህተት በቀላሉ ይመጣል።

ትልቅ ናሙናም ቢሆን ያሳስታል። በ1994 ትሊ ክዊ ቾ በሚባለው ፕሮጀክት ከመሬት በታች ዋሻ ተቆፍሮ ናሙና ተወሰደ። ውጤቱ ከተጠበቀው በታች ሆነና በቫንኩቨር ገበያ የትንንሽ ፈላጊዎች አክሲዮን ተንኮታኮተ። ከአሥር ዓመት በኋላ በሌላ ኩባንያ የተደረገ ቁፋሮ፣ ዋሻው የገባበት ድንጋይ ዋናውን ክፍል እንደማይወክል አሳየ። ናሙናው ከየት ተወሰደ ያልኳችሁ ለዚህ ነው።

በተቃራኒው ኬቤክ ያለው ሬናርድ ሁሉንም ደረጃ አልፎ በ2017 ወደ መደበኛ ምርት ገባ። ነገር ግን አልማዙ ከታሰበው በታች ተሸጠ፣ በፋብሪካውም የሚሰበር አልማዝ በዛ፣ በ2019 ኩባንያው ከአበዳሪዎች ከለላ ጠየቀ። ስለዚህ የዋጋ ግምቱ የተሠራበትን ቀን እዩ። በቅርብ ዓመታት በፋብሪካ የሚሠራ አልማዝ ገበያውን ስለተሻማ ዋጋ ወርዷል። የ2021 ወይም የ2022 ግምት ይዞ የዛሬን ትርፍ መቁጠር ሳሩን አይቶ ገደሉን አለማየት ነው።

ስለ ቦትስዋናው ካሮዌም ልበል። ታላቁ የአልማዝ ኩባንያ ዲ ቢርስ በ1969 አግኝቶት ለአሥርት ዓመታት የተቀመጠ ኪምበርላይት ነው። በ2012 ማምረት ጀመረ፣ በ2015 1,109 ካራት አልማዝ ወጣበት። ይህን የሚያክል ድንጋይ ናሙና ውስጥ አይገኝም። ግሬዱ ዝቅተኛ የሆነ ኩባንያ ሁሉ «እኛም እንደ ካሮዌ ነን» ቢላችሁ አትደነቁ። ማስረጃ ጠይቁ፣ በናሙናው ውስጥ ከ5 ካራት በላይ የሆኑ ስንት ናቸው፣ ዓይነት 2ኤ የሚባሉት፣ ማለትም ብዙዎቹ ግዙፍ አልማዞች የሚመደቡባቸው በጣም ንጹሖቹስ፣ አሉበት?

ባንድ ላይ ሲታይ

| የውጤቱ ዓይነት | የተለመደ መጠን | የሚመልሰው | የማይመልሰው | የገንዘብ ስጋት |
|---|---|---|---|---|
| ጠቋሚ ማዕድናት | ኪሎዎች አፈር | አካባቢው ይፈለግ? | አልማዝ መኖሩን | እጅግ ከፍተኛ |
| የቁፋሮ ግኝት | የድንጋይ ዘንግ | ኪምበርላይት አለ? | አልማዝ መኖሩን | እጅግ ከፍተኛ |
| ማይክሮ አልማዝ | ከአሥር እስከ መቶዎች ኪሎ | ቀጣዩ ናሙና ያዋጣል? | ዋጋ | ከፍተኛ |
| አነስተኛ ጅምላ | እስከ መቶዎች ቶን | ግሬዱ በግምት | አስተማማኝ ዋጋ | ከፍተኛ |
| ትልቅ ጅምላና ግምት | ሺዎች ቶን | የቶኑ ዋጋ | የገበያ ለውጥና የማውጫ ችግር | መካከለኛ እስከ ከፍተኛ |

ለማን የቱ?

ጥቂት መቶ ዶላር ብቻ ይዞ ዕድሉን መሞከር የሚፈልግ ሰው ማይክሮ አልማዝ ደረጃ ላይ መግባት ይችላል፣ ሰንጠረዡን እስካነበበ ድረስ። ኩባንያው ቀጣዩን ናሙና የሚያስወስድበት ገንዘብ አለው ወይ የሚለውን ግን አስቀድሞ ይይ። ከሌለው አዲስ አክሲዮን ይሸጣል፣ የእናንተ ድርሻ ይሳሳል።

ጥቂት ሺህ ያለውና ሁለት ሦስት ዓመት መጠበቅ የሚችል፣ አነስተኛው ጅምላ ናሙና እስኪወጣ ቢጠብቅ እመክራለሁ። ዋጋው ትንሽ ሊወደድ ይችላል። ልዩነቱን ለእውቀት እንደከፈላችሁ ቁጠሩት።

ለልጅ ትምህርት ወይም ለቤት የተቀመጠ ገንዘብ ከሆነ በእነዚህ አምስቱም ደረጃዎች ላይ አታስገቡት። ይህን የምለው ከልቤ ነው። ዲ ቢርስን የሚያክል ኩባንያ እንኳ በ2008 የከፈተውን ስናፕ ሌክ በ2015 ዘግቶታል።

አክሲዮኑን ቀድማችሁ የገዛችሁ ደግሞ ዛሬውኑ ሴዳር ፕላስ በሚባለው የካናዳ ኩባንያዎች ሰነድ የሚያስገቡበት ድረ ገጽ ላይ ግቡና የኩባንያውን የመጨረሻ ቴክኒካዊ ሪፖርት አውርዱ። ነፃ ነው። ስለ ናሙና አወሳሰድ የሚያወራውን ክፍል ብቻ አንብቡ። እዚያ ያልተመለሰ ነገር ካለ ኢሜይል ጻፉላቸው።

የአክስቴ ልጅም እንዲሁ አደረገ። አራት ጥያቄ ነው የጻፈው፣ ክብደቱ፣ የታችኛው ወንፊት፣ ሙሉው የመጠን ዝርዝር፣ ድንጋዩ ከስንት ቀዳዳ እንደመጣ። በሦስተኛው ቀን ዝርዝሩን ላኩለት። ማታ በስልክ አብረን አነበብነው። 140ዎቹ የመጡት ከአንድ ቀዳዳ ነው፣ ከ0.425 ወንፊት በላይ ያለፈም አልነበረም። «ጋሼ፣ ሁለተኛው ቀዳዳ መጋቢት ላይ ይቆፈራል ብለዋል» አለኝ። «እንግዲያው እስከ መጋቢት ገንዘብህ ባንክ ይቀመጥ» አልኩት። ተስማማን።